ከአጥሩ ውጭ የተሰማ ጩኸት

የሐዋሳና የባሕር ዳር ሰዎች ስለ ኳስ ሜዳቸው ሲያወሩ ከጨዋታው አስቀድመው ሐይቁንና ነፋሱን ያነሣሉ። ድሬዳዋችን ግን ሐይቅ የላትም። ያላት በበጋ አሸዋው ብቻ የሚታይ፣ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. ግን በአንዲት ሌሊት ሞልቶ የብዙ ሰው ነፍስ ያጠፋ የደቻቱ ወንዝ ነው። ስለዚህ እኛ ስለ ከተማችን ስታዲየም ስንናገር የምንመካው በታሪኩ ነው።

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋራ የተወለደች እንደ መሆንዋ እንግዳ መቀበል ልማዷ ነው። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ ዓመታት አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኖ ነበርና ኳስም ለሕዝቧ እንግዳ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ከሁሉ የበለጠው ክብር የመጣው በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲደረግ ነው። ኢትዮጵያ ያለችበት ምድብ በአዲስ አበባ ሲጫወት፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። ዛየር ከሁለት ዓመት በፊት ግብጽ ላይ ዋንጫውን የወሰደች ነበረች። በመጨረሻ ዋንጫውን ይዛ የተመለሰችው ሞሮኮም መንገዷን የጀመረችው ከእኛው ሜዳ ነው።

ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ናይጄሪያና ዛየር የተጋጠሙበትን ዕለት ለእንግዳ ሁሉ ሳይሰለቹ ይተርኩ ነበር፤ ውጤቱም ሦስት ለሁለት እንደ ነበረ ይናገሩ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ገና አልተወለድሁም፤ ሆኖም ከመስማቴ ብዛት የተነሣ ያየሁት ይመስለኝ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ እሑድ ወንዱን ልጄን ይዤ ወደ ስታዲየም ልሄድ ስነሣ ሴቲቱ ልጄ «አባባ፣ እኔስ?» አለችኝ። እኔም «በዚያ ያለው የወንድ ግፊያና ጩኸት ነው፤ ላንቺ አይሆንም» ብዬ መለስሁላት። ይህን ጊዜ እናቴ ከተቀመጡበት ሆነው «አባትህም እንዲሁ አሉኝ» አሉ።

ነገሩን ብጠይቃቸው፣ አባቴ ለዚያ ጨዋታ ሁለት ቲኬት ገዝተው ነበር። አንዱ የእናቴ ነበር። ከበሩ ሲደርሱ ግን የሥራ ባልንጀራቸውን አገኙና ቲኬቱን ለእርሱ ሰጡት። እናቴም ታላቅ ወንድሜን አዝለው በአጥሩ ጥላ ሥር ቆዩ። «ፀሐዩ እንዴት ያለ ነበር! ጩኸቱን ግን ቈጠርሁ፤ ስድስት ጊዜ ነው» አሉኝ።

ሥራዬ በችሎት ተቀምጦ የሰውን ቃል መጻፍ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ የስንቱን ምስክር ቃል ስጽፍ፣ በገዛ ቤቴ ያሉትን ምስክር አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። የዚያን ጨዋታ ውጤት ፈልጌ ብመለከት ናይጄሪያ 4፣ ዛየር 2 ይላል። ድምሩ ስድስት ነው። በሜዳው ውስጥ ተቀምጠው ያዩት አባቴ ተሳስተው፣ ከውጭ የቆሙት እናቴ ልክ ሆነው ተገኙ። አባቴ በሕይወት ቢኖሩ ይህን ደፍሬ እነግራቸው ነበርን? እንጃ።

በሚቀጥለው እሑድ አራታችንም ሄድን። እናቴ እግራቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን የወጡት በልጄ ትከሻ ተደግፈው ነው። ልጄ አጠገባቸው ተቀምጣ የተጫዋቾቹን ስምና ቍጥር ትነግራቸው ጀመር፤ ይህን ሁሉ ከየት እንደ ተማረችው አላውቅም። የከተማችን ቡድን ጎል ባገባ ጊዜ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጮኸ፣ እርስዋም ነጠላዋ እስኪወድቅ ዘለለች። እናቴ ግን ሳይነሡ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣

«ከውጭ ሆነው ሲሰሙት ይበልጣል» አሉኝ።