ዕድሉ ስንት ፐርሰንት ነው?

የእህቴ ልጅ የአር ኦ ቲ ሲ ስኮላርሺፕ ውጤት ዛሬ መጣ፤ ኮሌጅ አስተምሮ የአሜሪካ ምድር ጦር መኮንን የሚያደርገው ማለት ነው። አልተመረጠም፣ አልወደቀምም፤ ፋይሉ ወደሚቀጥለው ቦርድ ተላልፏል። ከጠዋት ጀምሮ የቤተሰብ ግሩፑ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ዕድሉ ስንት ፐርሰንት ነው?»

ኧረ ዲቪ አይደለም! ዲቪ ያሳደገን ሰዎች ስለሆንን ፎርም ሞልቶ ስም እስኪወጣ መጠበቅ ለምዶብናል። ይህ ስኮላርሺፕ ግን ልጁን አገላብጦ የሚያይ ሰው አለው። ተማሪ፣ ስፖርተኛ፣ መሪ፤ የሚፈልጉት ሦስቱንም ነው። 2.5 ጂፒኤ በሩን ያስከፍታል እንጂ ወንበር አያስይዝም። ፑሽአፑ፣ ሲትአፑ፣ የአንድ ማይል ሩጫው አለ። ከመኮንን ፊት ቀርቦ መጠየቁም አለ።

የእኛ ልጅ ነጥቡ ጥሩ ነው፣ ሩጫውማ አይወራም (አክስቶቹ ሳሎን ውስጥ ፑሽአፕ ሲቆጥሩለት ሠላሳ ላይ እልልታው ቀለጠና ቁጥሩ ጠፋ)። የጎደለው መሪነት የሚለው ቦታ ላይ ነው። አንድ መስመር ጽፎ ልኳል፤ የእግር ኳስ ክለብ አባል። ይህ ልጅ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ያስተምራል። ቅዳሜና እሑድ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። አያቱን ሐኪም ጋ ወስዶ የሚያስተረጉምላት እሱ ነው። ለምን አልጻፍከውም ስለው «ጋሼ፣ እሱማ የቤት ሥራ ነው» አለኝ። ልጆቻችን ሸክም ተሸክመው እያደጉ፣ ሸክሙ ቁም ነገር መሆኑን የነገራቸው የለም። እኛም አልነገርናቸውም።

ደግሞ ያ ኢንሄለር! ይህን ሳልናገር አላድርም። አሥራ አራት ዓመቱ ላይ ጉንፋን ይዞት ክሊኒክ ሄደ። በቅጡ ሳይመረምሩት «ለማንኛውም ይያዘው» ብለው ኢንሄለር ሰጡት፣ መዝገቡ ላይ አስም ብለው ጻፉ። ሁለቴ ስቦት ጣለው። ከዚያ ወዲህ አገር አቋራጭ የሚሮጥ ልጅ ነው። ወታደራዊው የጤና ምርመራ ግን ከ13 ዓመት በኋላ የተመዘገበ አስም ካገኘ ብቁ አይደለም ይላል። ስኮላርሺፑን ካሸነፈ በኋላ እንኳ ዌይቨር (ልዩ ፈቃድ) ካልተሰጠው ሊያጣው ይችላል። በችኮላ በተጻፈች አንዲት ቃል! እናቱ የዚያን ቀን ከሥራ ወጥታ፣ ደክሟት፣ የሰጧትን ወረቀት ሁሉ ፈርማ ነው የመጣችው። ማን ነግሯት? እባካችሁ፣ የልጆቻችሁን የሕክምና ፋይል ዛሬውኑ አስወጥታችሁ አንብቡ። ስሕተት ካለ ሐኪሙ በጽሑፍ እንዲያርመው ጠይቁ። መደበቅ አይሆንም፤ መዋሸት ከአስሙ ይብሳል።

እህቴ ግን የምትፈራው ሌላ ነው። አባታችን ሐረር አካዳሚ፣ ከህንድ መኮንኖች እጅ የተማረ ሰው ነበር። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ ሥርዓት ያለ ጡረታ ቤት ተቀመጠ። ጫማውን ግን እስኪሞት ድረስ በየማለዳው ይወለውል ነበር። እህቴ ዩኒፎርም ስታይ የሚታያት እሱ ነው። «የአንዱ አይበቃም?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ስለዚህ ማታ ደውዬ ለልጁ ፐርሰንቱን አልነገርኩትም። የትምህርት ክፍያውን፣ በወር 420 ዶላሩን፣ ለመጽሐፍ በዓመት 1,200ውን እርሳው አልኩት። ሁለተኛውን ዓመት ስትጀምር ግዴታው ይጸናብሃል። ከዚያ ወዲያ ብታቋርጥ ወይ ገንዘቡን ትመልሳለህ፣ ወይ ታገለግላለህ። ስትመረቅ ደግሞ በመደበኛው ጦርም ሆነ በተጠባባቂው፣ በድምሩ የስምንት ዓመት አገልግሎት አለብህ። ሲያልቅ ሠላሳ ዓመትህ ነው። ባታሸንፍም ኮሌጅ ገብተህ ከሌሎቹ ጋር መሠልጠን፣ እዚያው ሆነህ እንደገና መወዳደር ትችላለህ። ገንዘቡ ባይኖር ትገባለህ ወይ?

«እገባለሁ» አለ፤ ትንሽ እንኳ አላሰበም።

እንግዲያው የመሪነቱን ነገር የሚጠይቅህ ካለ ልክ እንደዚህ ሳታመነታ ትናገራለህ፣ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውንም ደግመህ ውሰድና ከቦርዱ በፊት አዲሱን ውጤት ላክ አልኩት። እናቱ ከጎኑ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ስልኩን ተቀብላ «አንተ ነህ የምታጃግነው!» ብላ ዘጋችብኝ።