ዓየር ያልቃል እንዴ?

በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ከአሜሪካ አገር ለአያቴ ስልክ ደውዬ «ሥራ አገኘሁ» ብላቸው፥ «ምን ዓይነት ሥራ?» አሉኝ። «ለራዲዮ ጣቢያዎች የሞገድ ቦታ የሚደለድሉ አንድ ሰው አሉ፤ እሳቸውን እረዳለሁ» አልኋቸው። አያቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ዓየር ደግሞ ያልቃል እንዴ?» አሉ። እኔም ሳቅሁ፤ እናቴም ከጎኔ ሆና ሳቀች። ነገር ግን ወሩ ሳያልቅ ያ ጥያቄ እንቅልፍ የሚያሳጣኝ ሆነ።

አባቴ ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደዚያ አገር በሄዱ ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ ተከትለናቸው፥ በሜሪላንድ ክፍለ አገር ከዋሽንግተን በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ተቀምጠን ነበር። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። በጣራቸው ላይ የተተከለውን ረዥም አንቴና ቆሜ ስመለከት አይተውኝ ወደ ቤት አስገቡኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአማተር ራዲዮ ተማሪያቸው ሆንሁ። አማተር ማለት ያለ ደመወዝ፥ ለሥራው ባለው ፍቅር ብቻ የሚሠራ ማለት ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ ፈተና 35 ጥያቄ ሲኖረው 26 የመለሰ ያልፋል፤ እኔም በ2015 ዓ.ም. በመጋቢት ወር አለፍሁ። የሞርስ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የቀረ ቢሆንም መምህሬ «ጆሮ የሌለው ራዲዮኛ ምን ራዲዮኛ ነው?» እያሉ ነጥቡንና ሰረዙን በግድ አስጠኑኝ። በዚህ ጊዜ ብዙ አጉረምርሜ ነበር።

በእጅ የሚያዝ ራዲዮ ኃይሉ 5 ዋት ያህል ነው። ሜዳ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ኮረብታ ሲገጥመው ግን ይቀራል። ስለዚህ አማተሮቹ ገንዘብ አዋጥተው በተራራ ራስ ላይ ሪፒተር የሚባል ጣቢያ ይተክላሉ። የሪፒተር ሥራ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን ደካማ ድምፅ በዚያው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጉልቶ መልሶ ማሰማት ነው። በሸለቆ ያለ ሰው በተራራው አፍ ይናገራል ማለት ነው። 2 ሜትር በሚባለው የሞገድ ክልል ጣቢያው በሚሰማበትና በሚናገርበት መካከል አብዛኛውን ጊዜ 600 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ይደረጋል፤ አለዚያ የራሱ ጩኸት የራሱን ጆሮ ይደፍነዋል። እነዚህ ሁለት ፍሪኩዌንሲዎች አንድ ጥንድ ይባላሉ።

እንግዲህ ዓየሩ የሚያልቀው በዚህ ላይ ነው። 2 ሜትር የሚባለው ክልል በአሜሪካ ከ144 እስከ 148 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ለሪፒተር ብቻ የተተወ አይደለም፤ በሞርስ የሚነጋገሩም፥ በሳተላይት የሚላላኩም፥ ያለ ሪፒተር በቀጥታ የሚነጋገሩም ድርሻ አላቸው። የቀረው እንደየአካባቢው በ15 ወይም በ20 ኪሎ ኸርዝ እየተሸነሸነ ይታደላል። ሕዝብ በበዛበት አገር ባዶ ጥንድ ማግኘት እንደ ዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ አስቸጋሪ ነው። አንዱን ጥንድ ለሁለት ጣቢያ መስጠት የሚቻለው ተራርቀው ሲተከሉ ነው፤ ከ100 ማይል የሚበልጥ ርቀት መፈለጉም የተለመደ ነው። ተቀራርበው ከተተከሉ በመካከል ያለው ሰው ይጎዳል፤ ኃይለኛው ደካማውን ይውጠዋል፥ እኩል ከሆኑም ከጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር የለም። አንዳንድ ሰዎች በንግግሩ ሥር የማይሰማ ዝቅተኛ ቶን አድርጎ ጣቢያውን መቆለፍ ይበቃል ይላሉ። ቶን ግን ጆሮ ይዘጋል እንጂ የሌላውን ጩኸት ከዓየር አያጠፋም።

ድልድሉን የሚያደርገው መንግሥት ይመስለኝ ነበር። የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን ፈቃድ ይሰጣል፥ የሞገዱንም ክልል ይወስናል፤ ነገር ግን ይህ ጥንድ የእገሌ፥ ያ ጥንድ የእገሊት ነው አይልም። ይህን የሚሠሩት የአካባቢው አማተሮች ራሳቸው የተቀበሏቸው አስተባባሪዎች ናቸው። የተራራውን ከፍታ፥ የጣቢያውን ኃይል፥ የአንቴናውን ዓይነት ያሰላሉ፤ ሞገድ የክፍለ አገር ድንበር አያውቅምና ከጎረቤት አስተባባሪዎችም ጋር ይጻጻፋሉ። ሕጉ እንደሚለው ሁለት ሪፒተሮች ቢረባበሹ ሁለቱም ባለፈቃዶች እኩል ተጠያቂዎች ናቸው፤ አንዱ በአስተባባሪ ተደግፎ ሌላው ያልተደገፈ ከሆነ ግን ነገሩን የማስተካከል ዋናው ኃላፊነት ባልተደገፈው ላይ ይወድቃል። የአስተባባሪው ጉልበት ይኸው ነው። ፖሊስ የለውም፥ ደመወዝም የለውም፤ ያለው መዝገብ ነው። መዝገቡ ውሸት የያዘ እንደ ሆነ ደግሞ እሱም የለውም።

የኔም ሥራ ከዚህ ላይ ይጀምራል። በየመዝገቡ የወረቀት ሪፒተር የሚሏቸው አሉ፤ እነዚህም በጽሑፍ እንጂ በዓየር የማይገኙ ጣቢያዎች ናቸው። ባለቤቱ ጥንዱን እንዳያጣ ቅጹን በየጊዜው ይሞላል፤ ማሽኑ ግን ዝም ብሏል። በዚያን ጊዜ ከወደ ተራራው ማዶ ያለ የወጣቶች ክበብ ለማዕበልና ለጎርፍ ጊዜ መገናኛ የሚሆን ጥንድ ጠይቆ ሦስት ዓመት ሲጠብቅ ነበር። እኔ የረዳኋቸው አስተባባሪ የ12 ጣቢያዎች ዝርዝር ሰጡኝና ለአራት ሳምንት በየሰዓቱ እየጠራሁ «ተሰማ» ወይም «አልተሰማም» ብዬ እንድጽፍ አዘዙኝ። ሕያው ሪፒተር ቢያንስ በየ10 ደቂቃው የጥሪ ምልክቱን ማሰማት አለበትና ማታለል አይቻልም።

ዝርዝሩን ሳነብ በሰባተኛው ረድፍ ላይ የመምህሬን ጣቢያ አገኘሁት።

ዝም ማለቱን አውቅ ነበር። መምህሬ ግን «ጥገና ላይ ነው፥ ለጥቂት ቀን ነው» ይሉኝ ስለ ነበር አምኛቸው ነበር። ሌሎቹን 11 ረድፎች በየቀኑ ስሞላ ሰባተኛውን ባዶ እተወው ጀመር። በራዲዮ መናገር ያስተማሩኝን ሰው እንዴት አድርጌ ከመዝገብ አስፍቃቸዋለሁ?

በሦስተኛው ሳምንት፥ አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ባዶውን ጥንድ ጠራሁ። ጣቢያ መለሰልኝ! ከደስታዬ የተነሣ እናቴን ልቀሰቅሳት ነበር። ጥቂት ቆይቶ የጥሪ ምልክቱን በሞርስ አሰማ። የመምህሬ ጣቢያ ምልክት 3 ቁጥር አለበት፤ ይኸውም ሦስት ነጥብና ሁለት ሰረዝ ነው። እኔ የሰማሁት ግን አራት ነጥብና አንድ ሰረዝ፥ ማለት 4 ነበር። በበጋ ሌሊት ነፋስ ሳይኖር ሞቃት ዓየር በቀዝቃዛው ላይ ሲተኛ ሞገድ እንደ ቦይ ውሃ ተይዞ በጣም ሩቅ ይሄዳል፤ ያገኘሁትም ከወደ ደቡብ በዚያው ጥንድ ላይ ያለ ሌላ ጣቢያ ነበር። ፀሐይ ሲወጣ ጠፋ። «ተሰማ» ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው የሚለኝ ማንም አልነበረም፤ በእርግጥም አንድ ነገር ሰምቻለሁ። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

በዚያው ዕለት ለአያቴ ደወልሁ። እሳቸው በወጣትነታቸው በይፋት የውሃ አባት ሆነው የመስኖ ተራ ያከፋፍሉ ነበር። የደረሰብኝን ስነግራቸው «የገዛ ወንድሜ በሬው ሞቶበት ማሳው ጦም አደረ፤ ተራውን ግን አልለቅም አለ። ውሃው ቀኑን ሙሉ ወደ ወንዝ ይፈስ ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ቤቱ ድረስ ሄጄ ነገርሁት።»

«ምን አለዎት?»

«ሁለት ዓመት አላነጋገረኝም» ብለው ሳቁ።

መዝገቡን ለአስተባባሪው ከመስጠቴ በፊት ወደ መምህሬ ዘንድ ወሰድሁት። በሰባተኛው ረድፍ ላይ በሁሉም ቀን «አልተሰማም» ተብሎ ተጽፏል፤ የዚያ ሌሊት ጣቢያም ከነምልክቱ በጎን አለ። መነጽራቸውን አድርገው ረዥም ጊዜ አነበቡ። እኔም የበሩን እጀታ ይዤ ቆሜ ነበር።

«ሰዓቱ ልክ አይደለም» አሉ በመጨረሻ።

እውነታቸውን ነበር። ራዲዮኛ መዝገቡን በግሪንዊች ሰዓት እንዲጽፍ ከነገሩኝ ቆይተዋል፤ እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ከሌሊቱ 11 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ነበር። እርሳሳቸውን አንሥተው «09፡00» ብለው አረሙት። ከዚያ በኋላ፥ መብረቅ ማሽኑን ከመታው ሁለት ዓመት እንዳለፈው፥ ባለቤታቸው ታምመው ስለ ነበር ተራራውን ለመውጣት እንዳልቻሉ፥ በየበጋው በሚመጣው በጋ እያሉ እንደ ቀሩ ነገሩኝ። ደብዳቤውን በዚያው ማታ ራሳቸው ጻፉ። ለአንድ ሳምንት ያህል ግን በአጥር ላይ እንደ ወትሮው አልጠሩኝም።

ጥንዱ እንዳለ ለወጣቶቹ አልተላለፈም፤ ተራራቸው ሌላ ስለ ሆነ ስሌቱ እንደገና ተሠራ፥ የጎረቤት አስተባባሪዎችም ተጠየቁ። ጣቢያው ሥራ የጀመረው ወደ አገራችን ልንመለስ ጥቂት ወራት ሲቀሩን በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነበር። በዚያ ማታ መምህሬ ወንበራቸውን ይዘው ወደ እኛ በረንዳ መጡ። እናቴ ቡና አፍልታ ነበር። ስኒያቸውን አስቀምጠው ትንሿን ራዲዮ አነሡ፥ ምልክታቸውንም ቀስ ብለው ጠሩ። ከተራራው ማዶ አንዲት ልጅ መለሰችላቸው፤ ድምፅዋ ከመደንገጥ የተነሣ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥቂት አነጋገሯትና ራዲዮውን ለኔ ሰጡኝ።

እኔም ከተናገርሁ በኋላ የቆየውን መዝገቤን አውጥቼ በሰባተኛው ረድፍ ግርጌ «ተሰማ» ብዬ ጻፍሁ፤ ሰዓቱንም በግሪንዊች።