እንስራችን

አራት ነን፤ ቀጨኔ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተናል። ፍራሾቻችንን ዘርግተን ስናበቃ የሚተርፈው መሬት አንድ እንስራ ብቻ ያስቀምጣል። እንስራውን የገዛነው ከጎረቤታችን ከሸክላ ሠሪዋ እማማ ነው። ማታ የሞላነው ውኃ ጠዋት በርዶ ይጠብቀናል፤ እንስራው በስውር ቀዳዳዎቹ ያልበዋልና፣ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል።

ቀጨኔ ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ እንስራውን ለከተማው ስትሠራ ኖራለች። ከተማውም ቡናውን እየጠጣ ሠሪዋን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ሲል ኖሯል። ከመካከላችን አንዱ ይህንኑ እየሰማ ያደገ ነው፤ ከእንስራው አይጠጣም፣ ቧንቧ ይሄዳል። እኛስ ምን አልነው? ምንም። እኛም ብንሆን ለእናቶቻችን ስንደውል እንስራውን ከማን እንደገዛን አንናገርም።

አንድ ማታ የፊዚክስ ተማሪ ወዳጃችን ከአራት ኪሎ መጣና እንስራውን አይቶ ስለ ቀዳዳ ያስተምረን ጀመር። (የቋንቋ ተማሪዎች ነንና ብናበላሸው ይቅር ይበለን።) ከአየሩ 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን −210 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይጠጥራል፤ አርጎን ደግሞ −189 ላይ። ይህ ግን ሰፊ ቦታ ሲያገኙ ነው። የቀዳዳው ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ብቻ በሆነ መስተዋት ውስጥ ሲታጎሩ፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ፈሳሽ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ለመርጋት ገና ብዙ ዲግሪ መውረድ አለባቸው። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

ለምን ቢሉ፣ ለመጠጠር ቅንጣቶቹ ሰልፍ መያዝ አለባቸው። ቀዳዳው ሲጠብ ግን ብዙዎቹ ግድግዳ ዳር ይውላሉ፤ ግድግዳው ጎርበጥባጣ ነው፣ ሰልፍ አያስይዝም።

«ልክ እንደ ፍራሾቻችሁ!» አለ። ሳቅን።

ስለዚህ መካከሉ ሲረጋ ዳር ያሉት ሳይሰለፉ ይቀራሉ። መልሶ ሲሞቅም በረጋበት ዲግሪ አይቀልጥም፣ ከዚያ ከፍ ማለት አለበት። ግድግዳው አጥብቆ የሚስብ ሲሆን ደግሞ፣ እንደ ከሰል ስንጥቅ፣ ነገሩ ተገልብጦ ቶሎ የሚረጋም አለ። ጥበቱ ብቻ ሳይሆን የግድግዳውም ጠባይ ነው፣ አለን።

«የእንስራችንስ?» አልነው።

«አይ፣ የሸክላ ቀዳዳ ለዚህ እኮ በጣም ሰፊ ነው» አለና ጣሳውን ነክሮ ጠጣ። ያ ጓደኛችን ትክ ብሎ አየው፤ ምንም አልተናገረም።

በማግስቱ እማማ ደጃፋቸው ላይ ጭቃ እየረገጡ «ውኃው ተስማማችሁ ልጆቼ?» አሉን።

«ሁላችንንም» አልን።

ቧንቧው ያለው ከእሳቸው ደጃፍ ፊት ለፊት ነው።