የድሬስደን ድንጋዮች

ጀርመን ውስጥ ድሬስደን የምትገኘው ፍራውንኪርሼ፣ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ በዘነበባት ሌሊት አልወደቀችም። ውስጧን እሳት ሲበላው ቆይቶ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1945 ጠዋት የጋሉት ምሰሶዎች ከ12,000 ቶን በላይ የሚመዝነውን የድንጋይ ጉልላት መሸከም አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ የፍርስራሽ ክምር ሆና ቀረች፤ ሣር በቀለባት።

የበርሊን ግንብ በተከፈተ በ3 ወሩ፣ በፌብሩዋሪ 1990፣ ትራምፔት ተጫዋቹ ሉድቪግ ጉትለር ያሉበት ጥቂት የከተማዋ ነዋሪዎች «ትሠራ!» ብለው ለዓለም ጥሪ አቀረቡ። ጊዜው የማይመች ነበር። አገራቸው ምሥራቅ ጀርመን ልትፈርስ ወራት ቀርተዋታል፤ ብዙዎች ፍርስራሹ የጦርነት መታሰቢያ ሆኖ ይቆይ ይላሉ፤ የቤተ ክርስቲያኗ አስተዳደር ራሱ አመነታ።

ሰዎቹ ግን አልተቀመጡም። ጉትለር እየተዘዋወረ ለሥራው ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሙዚቃ ተጫወተ። ከፍርስራሹ የተገኘ የድንጋይ ስባሪ የተገጠመባቸው የእጅ ሰዓቶች ተሸጡ። ለሥራው ያቋቋሙት ማኅበር አባላት ያለ ክፍያ ጎብኚ ያስጎበኛሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ መዋጮ ይሰበስባሉ። ይህ ስም የማይወጣለት ልፋት ባይኖር የመሐንዲሶቹ ንድፍ ወረቀት ላይ በቀረ ነበር። ከጠቅላላው 180 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ወጪ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሆነው ከለጋሾች የተገኘ ነው።

ከለጋሾቹ አንዱ ጉንተር ብሎበል ነበር። በልጅነቱ ከሶቪየት ጦር ሲሸሽ ከተማዋ ከመደብደቧ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ በድሬስደን አልፏል፤ ያያት ጉልላት ከዓይኑ አልጠፋም። አሜሪካ ውስጥ ሳይንቲስት ሆኖ በ1999 የሕክምና ኖቤል ሲሸለም፣ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋውን ገንዘብ ከሞላ ጎደል ለድሬስደን ሰጠ። ከዚያው ላይ ለከተማዋ አዲስ ምኩራብም ድርሻ ደርሶታል። ናዚዎች በ1938 ያቃጠሉት ምኩራብ ሳይታሰብ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ብትነሣ ሥራው ጎዶሎ ይሆን ነበርና፣ ይህ ስጦታ ከሁሉም ይልቃል።

በሥፍራው ደግሞ 8,400 የሚጠጉ የፊት ድንጋዮች አንድ በአንድ ተለክተው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ የቀድሞ ቦታቸው በኮምፒዩተር ተፈለገ። ከ3,500 የማያንሱት ተመልሰው ግድግዳው ላይ ገቡ። ዛሬ ከአዲሶቹ ነጣ ያሉ ድንጋዮች መካከል ጠቁረው ይታያሉ።

የጉልላቱን ወርቃማ መስቀል የላከችው ብሪታንያ ናት፤ ገንዘቡ ከሕዝብ መዋጮ ተሰበሰበ። ከሠሩት የለንደን አንጥረኞች አንዱ አለን ስሚዝ ሲሆን፣ አባቱ ድሬስደንን ከደበደቡት የብሪታንያ አብራሪዎች መካከል ነበር። መስቀሉ በጁን 2004 ወደ ላይ ሲወጣ አደባባዩ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከፍርስራሹ ሥር የተገኘው አሮጌው መስቀል፣ እንደተጣመመ፣ ውስጥ ቆሟል።