ከለንደን ወጣ ብሎ፣ የወጣት ውሾች ሜዳ

ከቪክቶሪያ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ኬንት የሚጓዘው ባቡር ለንደንን ቶሎ አይለቅም። ተደጋግፈው የተሠሩ የቀይ ጡብ ቤቶች፣ የጓሮ አጥሮችና ድልድዮች አንድ በአንድ ያልፋሉ። ቆይቶ ግን ሰማዩ ሰፋ ይላል፤ ሜዳና የፖም ተክል መታየት ይጀምራል። እንግሊዞች ኬንትን «የእንግሊዝ የአትክልት ስፍራ» ይሉታል። ልጄ ከነቤተሰቡ የሚኖረው እዚህ ነው። ስለ ለንደን ቤተ መንግሥትና ስለ ትልቁ ሰዓት ብዙ ተጽፏል። እኔ የማወጋችሁ ከአንድ እርሻ ጀርባ ስላለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣት ውሾች ስለሚማሩበት ጭቃማ ሜዳ ነው።

ትምህርቱ አጂሊቲ ለሚባል ስፖርት ነው። ውሻው ባለቤቱ በእጁና በድምፁ እየመራው መሰናክሎችን በተራ ያልፋል። ስፖርቱ የተወለደው በዚያው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ክራፍትስ የተባለው ታዋቂ የውሾች ትርኢት ለንደን በሚገኘው ኦሊምፒያ አዳራሽ ሲካሄድ፣ በመሃል ተመልካቹን ለማዝናናት ከፈረስ ዝላይ የተቀዳ ጨዋታ ቀረበ። ሕዝቡ ወደደው። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ኬኔል ክለብ የተባለው የአገሪቱ የውሾች ማኅበር ለስፖርቱ እውቅና ሰጠው።

ሜዳው ላይ ያለው ዕቃ ለዓይን ቀላል ነው። ከወፍራም ሸራ የተሠራና እንደ አኮርዲዮን የሚሰበሰብ ረጅም ዋሻ አለ። እንደ ጎጆ ጣሪያ ተጋጥመው የቆሙ ሁለት ሰፋፊ ሳንቃዎች አሉ። ቀጭን የእንጨት ድልድይ፣ መሃሉ ብቻ ተደግፎ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ የሚል ሳንቃ፣ ተሰልፈው የቆሙ ዘንጎችና የዝላይ አግዳሚዎችም ይታያሉ። የመወጣጫዎቹ ጫፎች በሌላ ቀለም ተቀብተዋል። ውሻው ከላይ ዘሎ እንዳይወርድ፣ እግሩ ያን ቀለም መርገጥ አለበት።

የልጅ ልጄ ውሻ ሰባት ወሩ ነው። ስም አውጪልኝ ብላኝ «መቻል» አልኩት፤ በአገራችን የታወቀ የውሻ ስም ነው። እሷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ስለሆነ ትዕግሥት አጭር ናት። ትልልቆቹ ውሾች 60 ሳንቲ ሜትር ሲዘሉ አይታ «እማማ፣ መቻልም እኮ ይችላል!» ትለኛለች።

በኬኔል ክለብ ደንብ ውሻ 18 ወር ሳይሞላው አይወዳደርም። ምክንያቱን ነርስ የነበረ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። በሚያድግ አካል ውስጥ የረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ገና ልም አጥንት ነው። አጥንቱ የሚረዝመው በዚያ በኩል ነው። ተደጋጋሚ ዝላይና ከከፍታ መውደቅ ያን ቦታ ከጎዳው፣ እግሩ ተጣሞ ወይም አጥሮ ሊቀር ይችላል። ልም አጥንቱ ጠንክሮ የሚዘጋው በትናንሽ ዝርያዎች ቀደም ብሎ፣ በትልልቆቹ ደግሞ ዘግይቶ ነው።

ታዲያ ቡችላው እስከዚያ ምን ይማራል? አሠልጣኟ መሣሪያውን ወደ ውሻው ታወርደዋለች። ዋሻው ተሰብስቦ አንድ ክንድ ያህል ያጥራል፤ ወዲያና ወዲህ ይታያል። አንድ ሰው ቡችላውን ከዚህ ይይዛል፣ ልጅቱ ከዚያ ተንበርክካ ትጠራዋለች። ሲወጣ ቁራሽ ዶሮ ይጠብቀዋል። ዋሻው በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይረዝማል፤ የሚታጠፈው መጨረሻ ላይ ነው። የድልድዩ ሳንቃ መሬት ላይ ተዘርግቶ ውሻው ይራመድበታል። መሰላልም መሬት ላይ ይተኛና በእርከኖቹ መካከል እየረገጠ ያልፋል፤ ብዙ ቡችላ የኋላ እግሩ የት እንዳለ ልብ አይልምና። የዝላይ አግዳሚው መሬት ላይ ይቀመጣል። በዘንጎቹ መካከል መጠማዘዝ ግን ወገብ ስለሚያደክም እስኪጠነክር ይቆያል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሚዛኑ ነው። ሳንቃው ከእግር በታች ይንቀሳቀሳል፣ ሲያርፍም ይጮኻል። መቻል በመጀመሪያው ቀን አንድ እግሩን አሳርፎ ድምፁን ሲሰማ ጅራቱን ቆልፎ ሸሸ። ልጅቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አባቷ «ገፋ አድርጊው፣ ይለምደዋል» አላት። አሠልጣኟ ገመዱን ከእጇ ተቀብላ ውሻውን ፈታችው፤ ካልፈለገ እንዲሄድ። ከዚያም ሳንቃው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ወፍራም ፍራሽ አነጠፈች፤ ድምፁ ጠፋ። በእጇም ደግፋ ቀስ ብሎ እንዲወርድ አደረገች። መቻል ተመልሶ የመጣው ማንም ሳይጠራው ነው። አሸተተ፣ ረገጠ፣ ተሸለመ፤ ትምህርቱም እዚያ ላይ ቆመ። አንዱ ልምምድ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ ውሻው «ይደገም» እያለ ሳለ ይቋረጣል።

በክትባት ክፍል የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። በግድ ተይዞ የተወጋ ሕፃን በሚቀጥለው ቀጠሮ ነጭ ጋዋን ገና ከበር ሲያይ ያለቅሳል። አስቀድሞ የተነገረውና እናቱ አቅፋ የያዘችው ግን ቢያለቅስም ቶሎ ይረሳል። ውሻ ደግሞ ፍርሃቱን የሚናገረው በአካሉ ነው፦ ሳይደክመው ያዛጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ፊቱን ያዞራል። ይህን ማንበብ የለመደ ልጅ የታናሽ ወንድሙን ፊት ማንበብም አይከብደውም።

እዚህ አገራችን ውስጥም ግቢ ያለው ሰው ይህን መሞከር ይችላል። ሰፊ ሳንቃ ሣር ላይ፣ ሁለት ጣሳ ላይ የተጋደመ ዝቅተኛ ዘንግ፣ ግራና ቀኙ ክፍት የሆነ ካርቶን ይበቃል። አስፋልትና የሚያዳልጥ ሲሚንቶ አይሆንም። አንገቱን በሰንሰለት መጎተትም አይገባም። ከሁሉ በፊት ግን ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጠው፤ ክትባቱም በወቅቱ ይታደስ። ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ፣ የቤት ቡችላ ቢሆንም እንኳ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። ቅጠል አትለጥፉበት፤ «የራሳችን ውሻ ነው» ብላችሁም አትዘናጉ።

ውሻችንን አጥር ሥር አስረን የምናሳድግ ብዙዎች ነን። ልጆቻችንም ወይ ይፈሩታል ወይ በድንጋይ ያባርሩታል። ልጅና ቡችላ በቀን አሥር ደቂቃ አንድ ሳንቃ ላይ አብረው ቢሠሩ ግን ሁለቱም መጠበቅን ይማራሉ። አያት ደግሞ በርጩማ ስቦ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ሥራው ልጁ ውሻውን እንዳይገፋው፣ አባትየውም ልጁን እንዳይገፋው ማየት ነው።