«ልክ ነው» ያልኩት ኮፍያ

ባለፈው ክረምት ወንድሜን ለመጠየቅ ሲያትል ሄጄ ነበር። እሱ ጠልቆ መዋኘት ይወዳል፤ «አንተንም አስጀምርሃለሁ» ብሎ ዕቃ ወደሚያከራዩበት ሱቅ ወሰደኝ። የፒዩጀት ሳውንድ ባሕር በእነሱ በጋም ቢሆን ያንዘፈዝፋል፤ ስለዚህ 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዌትሱትና አንገት ድረስ የሚወርድ ኮፍያ ተሰጠኝ።

እኔ ልብሱ ውኃ አያስገባም ብዬ ነበር የማስበው። ለካስ ያስገባል! የገባችው ጥቂት ውኃ በሰውነታችን ትሞቃለች፤ ጨርቁ ውስጥ ያሉት የጋዝ አረፋዎች ደግሞ ሙቀቱን ይይዛሉ። ልብሱ ከሰፋ ግን የሞቀው ወጥቶ ቀዝቃዛው ይተካል። ይህን ስሰማ «እንግዲያው በጠበበ ቁጥር ጥሩ ነው» አልኩ በልቤ።

ኮፍያው አንገቴን አነቀኝ። ወንድሜ «እንዴት ነው?» ሲለኝ «ልክ ነው» አልኩት። ከፋዩ እሱ፣ እንግዳው እኔ፤ ምን ልበል? ጥቂት ቆይቶ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ሻጩ ፊቴን አይቶ ኮፍያውን መነጨቀው። አንገት ላይ ያለው የደም ሥር ሲጨመቅ የልብ ምት ሊቀንስ፣ ሰውም ራሱን ሊስት እንደሚችል ያስረዳን ያኔ ነው። ውኃ ውስጥ ቢሆንስ ኖሮ?

ሁለተኛውን ኮፍያ ስለካ ምራቄን ዋጥኩ፣ ራሴን ግራና ቀኝ አዞርኩ፣ በረጅሙ ተነፈስኩ። አላነቀኝም።

ወንድሜ እስከ ዛሬ «ለኔ ብር አዝነህ አንገትህን ልትሰጥ!» እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን ክፍል ውስጥ «ገብቷችኋል?» ስንባል ሳይገባኝ ራሴን የነቀነቅሁባቸው ቀናት ናቸው ትዝ የሚሉኝ።