በቤት የዋልንበት ዓመት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ጊዜ፥ ሐሳባችን ሁሉ አብረውን ወደሚኖሩት አረጋዊ አባታችን ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ጥቂት ቈይቶም እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በየቤታችን እንድንሠራ ታዘዝን። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ ለሰላምታ መጨባበጥ እንኳ ተከለከለ፤ ጕልበት ስሞ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ። አባታችን ነጠላቸውን አጣፍተው፥ መቋሚያቸውን ይዘው፥ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው አስቀደሱ። ልጆቹ ሊሥቁ ቃጥቷቸው ነበር፤ ነገር ግን የአያታቸውን ፊት ባዩ ጊዜ እነርሱም ቆሙ።

ከበዓሉ በኋላ አባታችን መምህር ሆኑ። እኛም ፊደል የቈጠርነው በዘመናዊ ትምህርት ቤት ነበርና፥ ከልጆቻችን ጋራ ተቀምጠን ሀሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ እየተባለ እንዴት እንደሚለይ ተማርን። በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲጻፍ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፤ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ግን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ይሆናል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስናረቅ ይህን የጠየቀን አለቃ የለም! እርሳቸው ግን አንዲት ፊደል ብትሳሳት ገጹን እንደገና ያስጽፉን ነበር።

በሽታው ብዙ ቤት ስላፈረሰ ምስጋና አይገባውም። ስለ እነዚያ ወራት ግን እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፤ አባታችን በጥር ወር 2013 ዓ.ም. በእርጅና ዐርፈዋልና።

ታናሹ ልጃችን ዛሬም ሲጽፍ ብርዑን አንሥቶ፥ «የትኛው ሀ ነው?» ይለናል፤ እኛም እንነግረዋለን።